አሥራ አራት ሰረዝ

የዝናብ መለኪያ ጣሳዬን ነቅለው የወሰዱት ባለፈው ጥቅምት ነው። ሁለት ባለሙያዎች በመኪና መጥተው በግቢዬ መሀል ነጭ የብረት ምሰሶ ተከሉ፤ ጫፉ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቀሉበት። "ከእንግዲህ ማንም ጎንበስ ብሎ ማንበብ የለበትም። ዝናቡን ራሱ ለክቶ ራሱ ይልካል" አሉኝ። "ሲሳሳትስ ለማን ይናገራል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ቀልድ አልነበረም።

እኔ ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚወስደው በኩል፣ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ። ደርግ በገባ በሁለተኛው ዓመት የዝናብ መለኪያ ደጄ ላይ ተተከለ፤ ከዚያ ወዲህ እስካለፈው ጥቅምት ዝናብ ስለካ ኖርኩ። ጡረታ ይሉታል እንጂ ለኔ መሰናበት ነው፤ የሚከፈለኝም ድሮም ጥቂት ነበር። ስለሱ አላወራም።

ጽሕፈቴ የመሠረተ ትምህርት ጽሕፈት ነው። ከዚያ በፊት ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ያጎደልኩትን ፊደል አንባቢ ይሙላው። ቁጥር ግን አልሳሳትም። በቁጥር የበደልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሥራ አራት ቀን። እሱንም አውቄ ነው። ይህን ደብተር የምሞላው ስለነዚያ ቀኖች ነው። የቀረውን የምተርከው እነሱ ብቻቸውን ስለማይገቡ ነው።

መለኪያውን ያመጡት አያ ሰይድ ናቸው። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የመርሳ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው፣ እርሳሳቸውን ከኮፍያቸው ሥር የሚሰኩ። በበቅሎ መጥተው ሸንጎው ላይ ቆመው "ዛፍ የሌለበት ሜዳ ደጅ ያለው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ሰዉ ሁሉ ወደኔ ጠቆመ። ዛፌን ያለፈው ዓመት ቸግሮኝ ቆርጬ ሸጬው ነበር። ያ ችግር ሥራ ሆነኝ።

መለኪያው የቆርቆሮ ጣሳ ነው። አፉ ክብና ሰፊ፣ ሆዱ ውስጥ ውሃውን የሚይዝ ሌላ ዕቃ አለው። ከሱ ጋር አንድ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ አለ፣ ጎኑ ላይ መስመር የተሰመረበት። ሌሊቱንና ቀኑን የዘነበውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከጣሳው ወደ ብርጭቆው ትገለብጣለህ፣ መስመሩን ታነባለህ፣ ትጽፋለህ። ሥራው ይኸው ነው። ሲሰሙት የልጅ ሥራ ይመስላል።

የመጀመሪያ ቀን ብርጭቆውን ከፍ አድርጌ ይዤ ቆሜ ሳነብ አያ ሰይድ አዩኝ።

"ስንት አልክ?"

"ስድስት።"

"ካሳ፣ ውሃው ቀና ብሎ አንተን አያይህም። አንተ ጎንበስ በል።"

ብርጭቆውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት፣ እንደ ሶላት ሰው ተንበረከኩ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ጋር አስተካከሉ። "ውሃ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ይንጠላጠላል፤ በዚያ አትታለል። የሆዱን መስመር አንብብ። ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብብ። ከዚያ ጻፍ። ሳትጽፍ ለማንም አፍህን አትክፈት፤ ለሚስትህም ቢሆን። ስታወራው ቁጥሩ ይለወጥብሃል።" አምስት ነጥብ ስድስት ነበር።

እሳቸውን ሠላሳ ጊዜ ባያቸው ሠላሳውንም ጊዜ ተንበርክከው ነው ያነበቡት። ጉልበታቸው ላይ ሱሪያቸው ሁልጊዜ አፈር ነበረው። ብዙ ዘነበ፣ ትንሽ ዘነበ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። "ኧረ አያ ሰይድ፣ ዘንድሮ ከባድ ክረምት ነው" ብላቸው "ስንት?" ይሉኛል። ሌላ መልስ የላቸውም።

ቁጥሩንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ የማውቀው የቄስ ትምህርት ቤቱን፣ ፩፣ ፪፣ ፫ን ነበር። በዚያ ቁጥር ውስጥ ባዶ የሚባል የለም። ክቧን አፈር ላይ ሲስሉልኝ "ይቺ ምን ትቆጥራለች?" አልኳቸው።

"ምንም።"

"ምንም ካልቆጠረች ለምን ትጻፋለች?"

አያ ሰይድ ሳቁና ከጎኗ አንድ አግድም መስመር አሰመሩ። "ስማኝ። ባዶ ማለት አይቻለሁ፣ የለም ማለት ነው። ሰረዝ ማለት አላየሁም ማለት ነው። 'የለም' እና 'አላየሁም' አንድ የሚመስለው ሰው ይሄን ጣሳ አይንካብኝ።"

በዚያው ዓመት የአባቴን ተዝካር ላወጣ ሦስት ቀን ከቤት ወጣሁ። ስመለስ ሰማዩ ጥርት ያለ የበጋ ሰማይ ስለነበር ሦስት ባዶ ጻፍኩ። አያ ሰይድ ሲመጡ ነገርኳቸው፤ ደብቄ አይደለም። ላጲስ አውጥተው ሰጡኝ። "ታኅሣሥ ነው እኮ አያ" አልኳቸው። "ታኅሣሥ አይፈርምልህም፤ አንተ ነህ የምትፈርመው" አሉ። ሦስቱንም ደምስሼ ሰረዝ አደረግኋቸው።

በረዶ እንዴት እንደሚለካም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በረዶ ጣሳውን ሞልቶ ሲያድር በራሱ እስኪቀልጥ አይጠበቅም። ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆው ለክተህ ትጨምርበታለህ፤ ሲቀልጥ አጠቃላዩን ትለካና የጨመርከውን ትቀንሳለህ። መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው መቀነሱን ረሳሁ። አያ ሰይድ ወረቀቱን አይተው "ካሳ፣ ከማድጋህ ያዘነብከውን ለአላህ ሰጠኸው" አሉኝ። በሳቅ ነው ያሉት። በኋላ ግን ያቺን ቃል ብዙ ጊዜ አስታወስኳት።

አንድ ጊዜ ሙጃ ላኩኝ፤ የዚያው ተመልካች፣ እንደኔ ዝናብ የሚለካው ሰው፣ ታሞ ሦስት ወር ተካሁት፤ የቤቴን ጣሳ ሚስቴ ታነብልኝ ነበር። ሙጃ ነፋሱ ዝናቡን አግድም ነው የሚነዳው፤ ከጣሳው ይልቅ የአጥሩ ድንጋይ ይጠጣዋል። የመሥሪያ ቤቱ ቢሮ ወዳለበት ደሴም ለሥልጠና ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። አለቆችን እዚያ አየኋቸው። የመጀመሪያው ደግ ሰው ነበር፤ በየወሩ የምንልከውን ፎርም ሲቀበል በሁለት እጁ ነው። ሁለተኛው ወረቀት የሚወድ ሰው ነበር። ሥራ እንደያዘ ለሁላችንም ደብዳቤ በተነ። ሰረዝ የበዛበት ፎርም የሚልክ ተመልካች በሥራ አሻጥር ይጠየቃል ይላል። ያን ጊዜ አሻጥር የምትባለው ቃል ቀላል ቃል አልነበረችም። እኛ ቀበሌ የኅብረት ሱቅ የሚጠብቅ ሰው በአንድ ጆንያ ጨው ተወስዶ ከዓመት በኋላ ጥርሱ ረግፎ ነው የተመለሰው። ደብዳቤውን አጣጥፌ መዝገቡ ውስጥ አኖርኩት።

አሁን ስለ ፈንታው ልናገር። ፈንታው ጎረቤቴ ነው፤ አጥራችን አንድ ነው። እኩያዬም አበልጄም ነበር። ልጆቹን አንስቼለታለሁ። ስንት እንደነበሩ አልጽፍም፤ በኛ አገር ልጅ አይቆጠርም። ከብትም፣ የንብ ቀፎም ባለቤቱ ፊት አይቆጠርም። ለዚህ ነው ጣሳዬ ከመጀመሪያው ለሰዉ ደስ ያላለው። ፈንታው ግን ይቀልድበት ነበር። ጠዋት በሬውን ሲያወጣ አጥሩ ላይ ተደግፎ፦

"ካሴ፣ ዛሬ እግዜር ስንት አገባ?"

"ሂድ እረስ።"

"ደረሰኝ ቆርጠህለታል? በኋላ እንዳይከስህ።"

ሰባ ስድስት ሲመጣ ቀልዱ አለቀ። በልጉ ቀረ። ሰኔን ሙሉ ባዶ ጻፍኩ። ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ እንበረከካለሁ፣ ብርጭቆው ደረቅ ነው፣ ክቧን እስላታለሁ። ፈንታው አጥሩ ጋ ይቆማል፣ አይናገርም። አንድ ቀን ግን "አንተ ስትቆጥረው ነው የሚሸሸው" አለኝ። ሐምሌ ገባ፤ ያው ባዶ ነው። ሰው ጣሳውን በድንጋይ መምታት ጀመረ፤ አንድ ጠዋት ጎኑ ጎድጉዶ አገኘሁት። እኔ ግትር ነኝ። ጠገንኩት፣ የእሾህ አጥር አጠርኩለት፣ መለካቴን ቀጠልኩ።

በሥላሴ ማግስት መምሬ መጡ፤ የሰበካችን ቄስ። ፈንታው ከኋላቸው ነበር።

"ካሳ፣ ልጄ፣ ክፉ ሰው እንዳልሆንክ እናውቃለን" አሉ መምሬ።

"ጣሳዬን መቱብኝ።"

"የመታውን ይቅር በለው። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሱባዔ ምሕላ ይዘናል። አንድ ሰው እህል ሲሰጥህ ፊቱ ላይ ቁና ይዘህ ብትሰፍርበት ምን ይልሃል? እየለመንን አንቆጥርም ልጄ።"

"የመንግሥት ዕቃ ነው መምሬ። ልነቅለው አልችልም።"

ፈንታው ያን ጊዜ ተናገረ። "ንቀለው አላልንህም ካሴ። ሸፍነው። ሁለት ሱባዔ ብቻ። ልጆቼን ና እያቸው፤ ከዚያ እንቢ በለኝ።"

ሄጄ አየኋቸው። አንደኛዋ፣ እኔ ክርስትና ያነሳኋት፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ጭቃውን በጥፍሯ እየፋቀች ትልስ ነበር። ስታየኝ እጇን ደበቀች።

ተመልሼ የድስት ክዳን ጣሳው አፍ ላይ ገጠምኩ፤ ነፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ጫንኩበት።

አሥራ አራት ቀን እኔም ምሕላ ዋልኩ። እንደ ሰዉ ድንጋይ ተሸክሜ፣ እንደ ሰዉ እግዚኦ እያልኩ። ሁለት ጊዜ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ደመና ጠቁሮ መጣና በላያችን አልፎ ሄደ። ቀን ፊቴን ያረጠበኝ ጠብታ አላስታውስም። ሌሊቱን ግን ማን ያውቃል? ደክሞኝ እተኛ ነበር። ሌሊቱን የሚያውቀው ጣሳው ብቻ ነበር፤ እሱንም ሸፍኜዋለሁ።

ሱባዔው ሲያልቅ ክዳኑን አነሳሁ። በማግስቱ ባዶ። በሦስተኛው ቀን ባዶ። ወሩ አለቀ። ፎርሙ የፈረንጅ ወር ነው የሚከተለው፤ ጁላይ የሚሉት በኛ ሐምሌ ሃያ አራት ላይ ያልቃል። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አሥራ አራት ረድፍ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ሰረዝ ብጽፍ አሻጥር ነው፤ ያውም የመንግሥት ዕቃ በቄስ ቃል ሸፍኖ። ይሄ ያስፈራኝ ነበር። ግን ፍርሃቱ ብቻ ቢሆን ባዶ እጽፍ ነበር። ባዶ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም፤ ከፊቱም ከኋላውም ባዶ ነው። እርሳሱን ሁለት ጊዜ አነሳሁ። እጄ ክቧን አልስል አለኝ። አሥራ አራት ቀን ድንጋይ ተሸክመን የጮህነውን "አልሰማም" ብዬ በእጄ የምፈርም መሰለኝ። አለማወቅ ነው በሉት። ያን ቀን እንደዚያ ነበር የተሰማኝ።

ያለፈውን ዓመት መዝገብ ገለጥኩ። ያለፈው ዓመት ሐምሌ ደህና ሐምሌ ነበር። ከሱ ቀዳሁ። ቅጂ እንዳይመስል እዚህ አንድ ነጥብ ቀነስኩ፣ እዚያ አንድ ነጥብ ጨመርኩ። ስጽፍ ልቤ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ወረቀቱ ላይ ሲዘንብ የሚዘንብ መሰለኝ። ፎርሙን ወደ ጋሸና ለሚወጣ ሾፌር ሰጠሁት፤ ከዚያ ደሴ ይወርዳል። የካርቦን ቅጂው እኔ ጋ ቀረ።

አያ ሰይድ ነሐሴ አጋማሽ ላይ መጡ። በቅሏቸው ከስታለች፤ እሳቸውም ከስተዋል። ውሃ አልጠየቁም፤ ቅጂውን አምጣ አሉኝ። ተንበርክከው፣ ልክ ብርጭቆ እንደሚያነቡት፣ ጣታቸውን በረድፉ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። ጣታቸው ቆመ።

"ካሳ፣ ብርጭቆህን አምጣው።"

አመጣሁ።

"መስመሮቹ በስንት በስንት ይሄዳሉ?"

"በሁለት በሁለት ነጥብ።"

"እህ። ዜሮ ነጥብ ሁለት፣ ዜሮ ነጥብ አራት፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት። ስምንት ዓመት ጎዶሎ ጽፈህ አታውቅም። ይሄ ሰባት ከየት መጣ? ይሄ ሦስትስ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መምሬን፣ ፈንታውን፣ ጭቃ የምትልሰውን ልጅ። አያ ሰይድ ቁጣ አያውቁም። ተነስተው ሄደው ጸሎታቸውን አደረሱ። ሲመለሱ እርሳሳቸውን ከኮፍያቸው ሥር ሳቡና ቅጂው ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሰረዝ አሰመሩ። አሥራ አራት።

"በክዳኑ አልፈርድብህም" አሉኝ። "እኔም ልጆቹን ባይ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላህ ያውቃል። ግን ሸፍነህ ከሆነ ሸፍኛለሁ በል። ለደሴ ደብዳቤ ጻፍ።"

"አንቱ ይጻፉልኝ አያ። ያስሩኛል።"

"ሊያስሩህ ይችላሉ። ወላሂ አልዋሽህም። ግን እኔ አልጽፍልህም። ስህተቱ ያንተ እጅ ነው፤ ሰረዙም ያንተ እጅ መሆን አለበት።" እርሳሳቸውን ኮፍያቸው ሥር መልሰው ሰኩና "ይሄ ወረቀት እዚህ አይቆምም፤ ይሄዳል። ዘንቧል ብለህ የጻፍክበት አገር ላይ ማን ምን እንደሚወስን አታውቅም" አሉ።

በዚያው ቀን ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ነው። አጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ የሚሄድ መኪና አልነበረም። በሌላው ሳምንት ነበረ። ሾፌሩን አየሁት፣ ሰላም አልኩት፣ አልሰጠሁትም። ለመስቀል ያው ሾፌር መጣና "አያ ሰይድ ደብዳቤው ሄደ ወይ ብለውሃል" አለኝ።

"ሄዷል በላቸው" አልኩት።

ኅዳር ላይ የእርዳታ እህል መጣ ተባለና ላሊበላ ሜዳ ተጠራን። ሰዉ መቆም አቅቶት ተቀምጦ ነበር። ከላይ የመጣ አንድ ሹም ወረቀት ይዞ የገበሬ ማኅበሮችን ስም በተራ ያነባል። የኛ ስም አልተጠራም። ሊቀ መንበራችን ቢጠይቀው ሹሙ ወረቀቱን ገልጦ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር።

"እናንተ ሁለተኛው ዙር ናችሁ። በሐምሌ ዝናብ አግኝታችኋል።"

"ማን አለ?" አለ ፈንታው ከመሬት ሳይነሳ።

"ወረቀቱ ነዋ። መለኪያ አላችሁ አይደል? በመለኪያ የታየ ነው።"

ፈንታው ዞሮ አየኝ። ሌላውም ሰው ተራ በተራ እየዞረ አየኝ። ደብዳቤው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በጣቴ ነካሁት። ጠርዙ በላብ ሻክሯል። ሁለት እርምጃ ሄጄ ለሹሙ መስጠት ብቻ ነበር የቀረኝ። ስለ እስር አሰብኩ፣ ስለ ልጆቼ አሰብኩ፣ ስለ ጨው ጠባቂው ጥርስ አሰብኩ። እያሰብኩ ሳለሁ ሹሙ ወረቀቱን አጥፎ መኪናው ላይ ወጣ።

ሁለተኛው ዙር የመጣው ከጥምቀት በኋላ ነው። ፈንታው እስከዚያ አልቆየም። የገና በዓል ሳይደርስ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ኮረም መንገድ ወጣ። ሲወጣ አጥሩ ጋ ቆሞ "ቤቱን እይልኝ ካሴ" አለኝ።

ያን ሰሞን አያ ሰይድንም መንግሥት በሠፈራ ከሚወስዳቸው ሰዎች ጋር ወደ ምዕራብ ቆላ አዛወሯቸው፤ አዲስ መለኪያ ሊተክሉ። ዓመት ሳይሞላ ወባ ገደላቸው። የነገረኝ ያው ሾፌር ነው። "ደብዳቤው ሄዷል ብዬ ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ነበር" አለኝ።

ፈንታው በዓመቱ ተመለሰ። ብቻውን። ለዚህ መቁጠር አያስፈልግም። ቤቱን ከፈትኩለት፤ ጠርጌ አቆይቼዋለሁ። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተንበርክኬ ብርጭቆውን ሳነብ ድምፁን ከአጥሩ ውጭ ሰማሁ።

"ስንት ነው?"

አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ ነገርኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ ሃያ ዓመት አለፈ፣ አንድም ጠዋት ሳይጠይቀኝ አልቀረም። ታሞ የተኛ ዕለት እንኳ በሩን ከፍቶ ይጣራል። ያን ሁለት ሱባዔ ግን አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢያነሳብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ። እሱ ግን "ስንት ነው?" ብቻ ነው የሚለው። እኔም ቁጥሩን እነግረዋለሁ፤ እሱም "እሺ" ብሎ ይሄዳል። ደርግ እስኪወርድና ከወረደም በኋላ እንዲህ ኖርን።

ባለፈው ጥር፣ ጣሳዬ ከተነቀለ በሦስተኛው ወር፣ መቅደስ የምትባል ልጅ በማለዳ መጣች። ከላሊበላ ባጃጅ የደረሰበት ድረስ መጥታ የቀረውን በእግሯ። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ስለ ድሮው የላስታ ዝናብ መጽሐፍ ትጽፋለች። ቦርሳዋ ውስጥ ኮምፒውተርና አንድ ትልቅ የወረቀት ጥቅል አለ።

"አባባ ካሳ፣ እርስዎን ለማግኘት ዓመት ከሦስት ወር ፈጀብኝ" አለችኝ።

"ቤቴ ያው እዚሁ ነው፤ አልሸሸሁም።"

ሳቀች። "ቤትዎን አይደለም፣ ቁጥርዎን። ደብዳቤ ይዤ ስሄድ ማህተሙ ደብዝዟል አሉኝ። አስመትቼ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ነው። ኃላፊው ሲገኝ የድሮው ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። ሲገባ ደግሞ የሰው ጣቢያ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ሁለት ዓመት አለ፣ ሦስት ዓመት የለም። በላስታ ሳይቋረጥ ያገኘሁት የእርስዎን ብቻ ነው። አንድ ምዕራፍ ሙሉ በሱ ላይ ነው የጻፍኩት።"

ጥቅሉን ዘረጋችልኝ። የኔ እጅ የጻፈው ሁሉ በማሽን ታትሞ። ዓይኔ ወዲያው ወደዚያ ክረምት ሄደ። ዘንቧል። እስከ ዛሬ እዚያ እየዘነበ ነው።

"አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ" አለች። "የእርስዎ ቁጥሮች ሁሉ ከነጥቡ በኋላ ሙሉ ናቸው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። አሥራ አራት ቀን ብቻ ጎዶሎ ይገባባቸዋል፤ ከጁላይ አሥራ አምስት እስከ ሃያ ስምንት። ደግሞ ያን ጊዜ ጎረቤት ያሉት ጣቢያዎች ደረቅ ናቸው። መምህሬ ጠይቀሽ ነይ አለኝ። ምናልባት ያን ሰሞን ብርጭቆው ተሰብሮ ሌላ ተጠቅመው ይሆን?"

መልሱን ራሷ አዘጋጅታ ሰጠችኝ። አዎ ብል በቃ፤ ምዕራፏም ይቆማል፣ እኔም ሳይቋረጥ የለካ ሰው ሆኜ እቀራለሁ። ወደ አጥሩ አየሁ። የፈንታው ቤት ጣራው ወድቋል።

"ብርጭቆው ይኸውልሽ" አልኳት። "አልተሰበረም።"

መዝገቡን ከሣጥን አወጣሁ። የካርቦን ቅጂው የአያ ሰይድ ሰረዝ እንዳለበት ነው። ከውስጡ ደብዳቤው ወደቀ። አንስታ አነበበችው። ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ብዙ ቆየችበት።

"ለምን አልላኩትም?"

ነገርኳት። እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ፊቷን አዙራ ነበር።

"ቢላክ ኖሮ ያድናቸው ነበር ብለው ያስባሉ?" አለች።

"ማን ያነበው እንደነበር አላውቅም። ይሄንንም አላየሁም።"

ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። "እንግዲህ ዜሮ ላድርጋቸው አባባ? ያ ወር ደረቅ እንደነበር አገር ያውቀዋል። የሞተው ሰው ይመሰክራል።"

እኔ ዜሮ እንድትጽፍ ምን ያህል እንደፈለግሁ እግዜር ያውቃል። ያን ጊዜ እጄ እንቢ ያለችውን ክብ አሁን አሥራ አራት ጊዜ ብስላት ደስ ይለኝ ነበር። ለፈንታው፣ ለልጆቹ፣ ይኸው አልዘነበም ብሎ የሚፈርምላቸው አንድ ወረቀት እንኳ በዚህ ዓለም ላይ ቢኖር። የአያ ሰይድ ጉልበት ላይ ያለው አፈር ታየኝ።

"ዜሮ አይሆንም" አልኳት። "አላየሁም። ሰረዝ አድርጊው።"

"ሰረዝ ካደረግሁ ያ ወር ከምዕራፉ ይወጣል።"

"አውቃለሁ ልጄ።"

አንድ በአንድ አደረገችው፤ እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ በጣቴ ተከተልኳት። ከመጨረሻው ጎን ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። "መለኪያው ተሸፍኖ ነበር" ብላ ጻፈች።

"ማን እንደሸፈነው ጨምሪ።"

"ስምዎን?"

"ሙሉ ስሜን።"

ጻፈችው። ፀሐዩን ሳየው ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ልማዴ ነውና ጆሮዬን ወደ አጥሩ ጣልኩ። ፈንታው ከዚያ ማዶ ቆሞ ስለዚያ ሁለት ሱባዔ "ስንት ነው?" ቢለኝ መልሱ አሁን ተጽፏል። አላየሁም ፈንታው። ሸፍኜው ነበር።